ሁለት ስም ያላት ወደብ፤ የአን ቶብ መንደር ታሪክና የጌሊክ ቋንቋ ዕድል

ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባሻገር፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ የውጭ ሄብሪዲስ የሚባሉት ደሴቶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደሴት እንደ ሁለት አገር ሆኖ በሁለት ስም ይጠራል፤ ረግረግ ሜዳ የሚበዛበት ሰሜናዊው ክፍል ሉዊስ፣ ተራራና ዐለት የሚበዛበት ደቡባዊው ክፍል ሃሪስ ይባላል። በሃሪስ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶ የማይበልጡ አንዲት መንደር አለች። የአገሩ ሰዎች በጌሊክ ቋንቋ አን ቶብ ይሏታል። በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ግን ከ1920 ጀምሮ የተጻፈላት ስም ሊቨርበራ ነው። የመጀመሪያው ስም የቦታውን አቀማመጥ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስም ቦታውን የገዛውን ሰው ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህች መንደር በዓለም ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ የላትም። ይሁን እንጂ በእርስዋና በአቅራቢያዋ ባለው አጭር የባሕር ዳርቻ ከ1779 ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደብ ተሠርቶአል። ሁለቱን ያሠሩት ባለጸጎች የመሬት ባለቤቶች ሲሆኑ፣ የሁለቱም ዕቅድ ከባለቤቱ ዕድሜ አላለፈም። ሦስተኛው ለመሻገሪያ መርከብ የተሠራ አነስተኛ ወደብ ነው፤ እርሱም እስካሁን ያገለግላል። ስለዚህ የአን ቶብ ታሪክ ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። ገንዘብም ዕውቀትም ያልጐደላቸው ሰዎች ያቀዱት ወደብ ስለምን ሳይጸና ቀረ? ወደብ በጸናበት ጊዜስ የሕዝቡን ቋንቋ ለማቈየት ምን ያህል ይረዳል?

አገሩና የመንደሪቱ ስም

የሃሪስ ምሥራቃዊ ዳርቻ ራቁቱን የቀረ ዐለት ነው ለማለት ይቻላል። ምዕራባዊው ዳርቻ ግን ነፋስ ከባሕር ባመጣው የዛጐል አሸዋ የለማ ለምለም መስክ ነው፤ ይህን ዐይነቱን መስክ ጌሊኮች ማኸር ይሉታል። በአገሩ ለእርሻ የሚስማማው መሬት በአብዛኛው ይኸው ብቻ ስለ ሆነ፣ የሃሪስ ማኅበራዊ ታሪክ የዚህ መስክ ባለቤትነት ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ደሴቶቹ ለብዙ ዘመን በኖርዌይ ነገሥታት ሥር ከቈዩ በኋላ በ1266 በፐርዝ ከተማ በተደረገው ውል ለስኮትላንድ ንጉሥ ተላለፉ። የኖርዌይ ሰዎች አገዛዝ ቢያልፍም የቦታ ስሞቻቸው አላለፉም። «ኦብ» የሚለውም ቃል «ሆፕ» ከሚለው የጥንት የኖርዌይ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው በየብስ የተከበበ ትንሽ የባሕር ገብ ማለት ነው። ጌሊክ ተናጋሪዎች ይህን ባዕድ ቃል ተቀብለው፣ በራሳቸው አነጋገር ለውጠው፣ የቋንቋቸውን መስተአምር ከፊቱ ጨምረው አን ቶብ አሉት። ይህ የሆነው በማንም ትእዛዝ ሳይሆን በረጅም ዘመን አብሮ መኖር ነው። ስለዚህ የጌሊክ ሕዝብ ከውጭ የመጣን ስም ሁሉ የሚጠላ ሕዝብ ነው ለማለት አይቻልም።

ከመንደሪቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሮደል የሚገኘው የቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን የአገሩን የቀድሞ ክብር ያሳያል። በውስጡ ያለው የጐሣው አለቃ የአለስደር ክሮታኽ ማክላውድ መቃብር በ1528 የተሠራ ሲሆን፣ በድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች አንዱ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ማክላውድ መሳፍንት ቅኔ ያፈለቀችው ታዋቂዪቱ የጌሊክ ባለቅኔ ሜሪ ማክላውድም በዚሁ እንደ ተቀበረች ትውፊት ይናገራል። በዚያ ዘመን ባሕሩ አገርን ከአገር የሚለይ ድንበር ሳይሆን የሚያገናኝ መንገድ ነበር፤ ጌሊክም የመሳፍንቱም የዓሣ አጥማጁም ቋንቋ ነበር።

የመጀመሪያው ወደብና የሕዝቡ መፈናቀል

በ1779 የማክላውድ ጐሣ አለቃ ሃሪስን ለአንድ የመርከብ አዛዥ ሸጠ። ገዢው ካፒቴን አለክሳንደር ማክላውድ ከዚያው ጐሣ የተወለደና በሕንድ አገር ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ይህ ሰው በሮደል ወደብ አሠራ፤ የዓሣ ማጥመድን ሥራ ለማስፋፋት ደከመ፤ የፈረሰውንም ቤተ ክርስቲያን አሳደሰ። በ1790 ሲሞት ግን ሥራው የሚቀጥልበትን ኀይል አጣ። ወራሾቹ የእርሱን ያህል የወደቡ ፍቅር አልነበራቸውም፤ ወደቡም ከእርሱ ፈቃድ በቀር ሌላ ምሰሶ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የባለመሬቶቹ ትርፍ የባሕር አረም ከማቃጠል የሚገኘው አመድ ሆነ፤ ይህ አመድ ለሳሙናና ለመስተዋት ሥራ ይፈለግ ነበር። አረሙን ለመሰብሰብና ለማቃጠል ብዙ የሰው ጉልበት ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ ባለመሬቶቹ ጭሰኛው እንዲበዛ ይፈልጉ ነበር። የናፖሌዎን ጦርነት በ1815 ካበቃ በኋላ ግን የአመዱ ዋጋ ወደቀ። ትናንት ሀብት ተብሎ ይቈጠር የነበረው ጭሰኛ ዛሬ ሸክም ተባለ። የምዕራቡ ለምለም መስክ ለበግ ርቢ ስለ ተፈለገ ነዋሪው ከዚያ እንዲለቅ ተደረገ። ከፊሉ ወደ ካናዳ ተሰደደ፤ ከፊሉ ቤይስ ወደሚባለው ወደ ምሥራቁ ዐለት ሄዶ ሰፈረ።

በዚያም ሕዝቡ የባሕር አረምና ጥቂት አፈር በዐለቱ ላይ እየደለደለ፣ ጠባብ ጠባብ መደብ እየሠራ ድንችና አጃ ዘራ። ከመሬቱ ድህነት የተነሣ ሬሳ የሚቀበርበት ጥልቀት ያለው አፈር እንኳ ስለማይገኝ፣ የሞተውን ሰው በተራራ መንገድ ተሸክመው ወደ ምዕራቡ አሸዋማ መስክ እየወሰዱ ይቀብሩ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ከአባቶቹ መሬት የተነቀለው ሰው ከሞተ በኋላ ወደዚያው ይመለስ ነበር ማለት ነው። መንገዱም እስከ ዛሬ የሬሳ ሣጥን መንገድ እየተባለ ይጠራል።

ስለ መሬት የነበረውን አሳብ ሳይረዱ ከዚህ በኋላ የመጣውን ጠብ መረዳት አይቻልም። ጌሊክ «ዱኻስ» የሚል ቃል አለው፤ ይህም አንድ ትውልድ አባቶቹ በኖሩበትና በሠሩበት ምድር ላይ አለኝ የሚለው የዘር መብት ነው። በአማርኛ ርስት ከምንለው አሳብ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የስኮትላንድ ሕግ የሚያውቀው የግዢ ሰነድን እንጂ ዱኻስን አልነበረም። የስኮትላንድ ደጋማ አገርና ደሴቶች ጭሰኞች ከብዙ ዐመፅና ክርክር በኋላ በ1886 በወጣው ሕግ ከመሬታቸው ያለ ምክንያት እንዳይነቀሉ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ ሕጉ በእጃቸው የቀረውን ጠባብ መሬት አጸናላቸው እንጂ የተወሰደባቸውን ሰፊ መስክ አልመለሰላቸውም።

ሎርድ ሊቨርሂውም

ዊልያም ሊቨር በ1851 በእንግሊዝ አገር በቦልተን ከተማ ተወለደ። ሰንላይት በተባለው ሳሙና እጅግ ከበለጸገ በኋላ በ1888 ለሠራተኞቹ ፖርት ሰንላይት የምትባል ንጹሕ መንደር መሠረተ፤ በኋላም ሎርድ ሊቨርሂውም የሚል ማዕርግ ተቀበለ። በ1918 ሉዊስን፣ በ1919 ደግሞ ሃሪስን ገዛ። አሳቡ ዓሣውን በዘመናዊ ዘዴ አስጠምዶ፣ በፋብሪካ አዘጋጅቶ፣ ማክ ፊሸሪስ በተባሉት የራሱ ሱቆች አማካይነት በብሪታንያ ከተሞች ለመሸጥ ነበር።

አመጣጡ ከታላቅ ኀዘን ጋር ተጋጠመ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 ከጦርነቱ የሚመለሱትን የደሴቱን ልጆች የጫነችው ዮላይር የተባለች መርከብ በሉዊስ ዋና ከተማ በስቶርኖዌይ ወደብ መግቢያ ላይ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 280 ያህል ሰዎች 201ዱ ሞቱ። ከጦርነቱ በሕይወት የተመለሱት ወታደሮች መንግሥት ተስፋ የሰጠንን መሬት እንፈልጋለን አሉ። ሊቨርሂውም ደግሞ በስቶርኖዌይ አቅራቢያ ያሉት እርሻዎች ለከተማው ወተት ስለሚያስፈልጉ አይከፋፈሉም አለ። እርሱ የሚያቀርበው የማይቋረጥ ደመወዝ ነበር፤ እነርሱ የሚጠይቁት ማንም የማይነቅላቸውን መሬት ነበር። በኮልና በግሬስ ወታደሮቹ ገብተው መሬቱን ያዙ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1921 የሉዊስ ሥራ ቆመ፤ በ1923ም ሊቨርሂውም ሉዊስን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ሜታጋማ የተባለችው መርከብ 300 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹን ወጣቶች፣ ከስቶርኖዌይ ወደ ካናዳ ወሰደች።

ሊቨርሂውም ከሉዊስ ፊቱን ሲመልስ ተስፋውን በሃሪስ ላይ ጣለ። የአን ቶብን አቀማመጥ የመረጠበት ምክንያት ነበረው። ቦታዪቱ ሃሪስን ከሰሜን ዩዊስት ደሴት በሚለየው ወሽመጥ ዳር ስላለች፣ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች እንደ አየሩ ጠባይ በምዕራብ ወደ አትላንቲክ፣ በምሥራቅ ሚንች ወደሚባለው ባሕር ለመውጣት ይችላሉ። በ1920 የመንደሪቱ ስም ሊቨርበራ ተባለ። የመርከብ መቆሚያ፣ የዓሣ ማጠኛና የጨው ማሸጊያ ቤቶች፣ የሠራተኞች መኖሪያና መንገድ ተሠራ፤ 10,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ትሆናለች ተብሎም ታሰበ። በሃሪስ ሥራና ደመወዝ በመገኘቱ ብዙዎች ተደሰቱ። በ1924 ዓሣ አጥማጅ መርከቦች በብዙ የሚቈጠር ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ አወረዱ፤ ዓሣውን የሚያርዱና ጨው የሚነሰንሱ ልጃገረዶች ከደሴቱ ስላልበቁ ከሌላ አገር እስከ ማስመጣት ተደረሰ።

ሜይ 7 ቀን 1925 ሊቨርሂውም በሳንባ ምች ሞተ። ወራሾቹና የኩባንያው አስተዳዳሪዎች ሥራውን ወዲያው አቆሙ፤ ሕንፃዎቹና መሣሪያዎቹ ከተሠሩበት ዋጋ በእጅጉ በሚያንስ ገንዘብ ተሸጡ። ካፒቴን ማክላውድ ከሞተ ከ135 ዓመት በኋላ በዚያው ዳርቻ ያው ነገር ተደገመ።

ለዚህ ውድቀት የሰውየው ሞት ብቻ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የሄሪንግ ንግድ ዋና ገበያው ሩስያና ጀርመን ነበሩ፤ ከጦርነቱና ከ1917ቱ የሩስያ አብዮት በኋላ ይህ ገበያ ተሰነካክሎአል። ወሽመጡም በተሰወረ ዐለት የተሞላ ስለ ሆነ ለማያውቀው መርከበኛ አስጊ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ድርጅቱ የቆመው በአንድ ሰው ገንዘብና ፈቃድ ላይ ነበር። ሊቨርሂውምን እንደ ጨካኝ ጌታ ብቻ መሣል ከእውነት ያርቃል፤ ብዙ ገንዘብ አፍስሶአል፤ ከብዙዎቹ የቀድሞ ባለመሬቶችም ይልቅ ስለ ሕዝቡ ኑሮ አስቦአል። ይሁን እንጂ ስለ ሕዝቡ ማሰብና ከሕዝቡ ጋር መመካከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሉዊስ ጭሰኞች ደመወዝን ትተው መሬትን በመምረጣቸው ኋላ ቀር ተብለው ተነቅፈው ነበር፤ ነገር ግን ደመወዙ በ1925 ሲቋረጥ መሬቱ አልተቋረጠም።

ስሙ በአፍሪቃ

የአንድ ሰው ስም ለመንደር መሰጠቱ በአን ቶብ ብቻ የተደረገ አይደለም። ሊቨር በ1911 ከቤልጂግ መንግሥት ጋር በተዋዋለው ውል በቤልጂግ ኮንጎ በ5 ክልል ተከፍሎ እስከ 750,000 ሄክታር የሚደርስ የዘንባባ ዘይት ምድር ለኩባንያው ተፈቀደለት። ከክልሎቹ ዋና የነበረችው ሉሳንጋ ሊቨርቪል ተባለች። በኮንጎ የነበረው ሁኔታ ከሃሪስ ጋር ፈጽሞ የሚመዛዘን አይደለም፤ በዚያ የግዳጅ ሥራ ነበረ፤ በ1931ም የፔንዴ ሕዝብ ሲያምፅ ዐመፁ በብዙ ደም ተደምስሶአል። የሚመሳሰለው አሰያየሙ ነው። በሁለቱም ስፍራ ከድርጅቱ በፊት ስም የነበረው ቦታ የድርጅቱን ጌታ ስም ተቀበለ። ኮንጎ ነጻ ከወጣች በኋላ ሊቨርቪል ተመልሳ ሉሳንጋ ሆናለች። በሃሪስ ግን ሊቨርበራ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲቀር፣ በጌሊክ አን ቶብ የሚለው ስም ቀድሞውኑ አልተቋረጠም፤ በኋላም በመንገድ ምልክት ላይ ተጽፎአል። በአንድ ስፍራ አዋጅ የመለሰውን ስም በሌላው ስፍራ የሕዝቡ አንደበት ብቻ ጠበቀው።

ሦስተኛው ወደብ

የደሴቶቹ አስተዳደር እስከ 1975 ድረስ በየብስ በነበሩ በሁለት አውራጃዎች ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ በዚያ ዓመት መላው የውጭ ሄብሪዲስ አንድ የአካባቢ ምክር ቤት አገኘ። በ1964 መኪና የምትጭን ሄብሪዲስ የተባለች መርከብ የሃሪስን ታርበርትና የሰሜን ዩዊስትን ሎክማዲ ከስካይ ደሴት ጋር ብታገናኝም፣ ጐረቤት ደሴቶችን በቀጥታ የሚያገናኘው መንገድ ገና አልተሟላም ነበር። በ1996 ከሊቨርበራ ተነሥታ ወሽመጡን የምታቋርጥ መኪና ጫኝ የመሻገሪያ መርከብ ሥራ ጀመረች። መርከቢቱ በዐለቶቹ መካከል በምልክት እየተመራች እንደ እባብ እየተጠማዘዘች ስለምትሄድ፣ አጭሩን ባሕር ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። በ1999 የበርነሬ ደሴት ከሰሜን ዩዊስት ጋር በድንጋይ ድልድል ተገናኘ፤ የመርከቢቱም ወዲያኛው መድረሻ በዚያ ሆነ።

ይህ ወደብ ከቀደሙት ሁለቱ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ወጪው የአንድ ሰው ሳይሆን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀው የዓሣን መብዛት ወይም የሩቅ ገበያን ዋጋ ሳይሆን የጐረቤትን መገናኘት ነው። ሦስተኛ፣ መንደሪቱን ከተማ አደርጋለሁ አላለም። መጠነኛ በመሆኑ ጸና።

እንዲህም ሆኖ ጠብ አልጠፋም። ሃሪስና ሰሜን ዩዊስት ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ የፕሮቴስታንት አገሮች ስለ ሆኑ፣ መርከቢቱ በ2006 በእሑድ መሻገር ስትጀምር ብዙዎች ተቃወሙ። ሌሎች ደግሞ የቤተሰብ መጠያየቂያ ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው፣ አንድ ሰው መዝሙረ ዳዊትን እየመራ ጉባኤው የሚቀበልበት የጌሊክ ዜማ በነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት ተጠብቆ መኖሩ ነው። ሰንበትን የሚጠብቀው ሽማግሌና ቋንቋውን የሚጠብቀው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር።

ሌላም ፈተና መጥቶ ነበር። በ1991 አንድ ኩባንያ ከመንደሪቱ በላይ የሚታየውን የሮይኔቫልን ተራራ በመቈፈር ታላቅ የድንጋይ ካባ ለማቋቋም ጠየቀ። የሃሪስ ሕዝብ በመጀመሪያ በአብዛኛው ሥራውን ደገፈ፤ ነገሩ በሰፊው ከተመረመረ በኋላ ግን በ1995 በተሰጠው ድምፅ አብዛኛው ተቃወመ። መንግሥት በ2000 ፈቃዱን ከለከለ፤ ኩባንያውም በ2004 አሳቡን ተወ። በ1920 ለሕዝቡ የታሰበለት ነገር በ1995 ለሕዝቡ ድምፅ ቀረበ፤ የዘመኑ ለውጥ ከዚህ ይታያል። በ2003 የሰሜን ሃሪስ፣ በ2010 የምዕራብ ሃሪስ ነዋሪዎች በማኅበር ሆነው መሬታቸውን ገዙ። ምዕራብ ሃሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ የተነቀለበት ያው ለምለም መስክ ነው።

ቋንቋው

የመሬቱ ነገር እንዲህ ሲሻሻል የቋንቋው ነገር አልተሻሻለም። በ1872 የወጣው የስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ጌሊክን በስም እንኳ አላነሣም ነበር፤ ሕፃናትም በማያውቁት ቋንቋ ትምህርት ጀመሩ። በ1891 በስኮትላንድ ጌሊክ የሚናገረው ሕዝብ 254,415 ሲሆን በ2011 ወደ 57,000 ወርዶአል። በ2005 ለጌሊክ መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ በ2020 የውጭ ሄብሪዲስ ምክር ቤት ወላጆች ሌላ ካልመረጡ በቀር አዲስ ተማሪዎች በጌሊክ እንዲማሩ ወሰነ፤ በ2025 በወጣው ሕግም ቋንቋው በስኮትላንድ ይፋዊ ማዕርግ አገኘ።

ውጤቱ ግን ተቃራኒ መልክ አለው። በ2022ቱ ቈጠራ በመላው ስኮትላንድ የተናጋሪው ቍጥር ወደ 69,700 ከፍ ሲል፣ በውጭ ሄብሪዲስ ግን የተናጋሪው መጠን ዝቅ አለ። በ2001 ከመቶ 60፣ በ2011 ከመቶ 52 የነበረው በ2022 ከመቶ 45 ሆነ። ቋንቋው በትምህርት ቤት ሲስፋፋ በትውልድ መንደሩ እየሳሳ ነው ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የደሴቶቹ ጠቅላላ ሕዝብ በ2011 ከነበረበት ከ27,684 ወደ 26,200 ገደማ ቀንሶአል። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ይወጣል፤ የሚመለሰው ሲፈልግ ቤቱ ለዕረፍት መጪ ተከራይቶ ወይም ከዐቅሙ በላይ በሆነ ዋጋ ተሸጦ ያገኘዋል።

ስለዚህ ወደቡ ቋንቋውን ገደለው ወይም አዳነው ማለት አይገባም። ያችው መርከብ ጐብኚውን ታመጣለች፤ ያችው ጌሊክ የሚናገሩትን የሃሪስንና የዩዊስትን ዘመዶች ታገናኛለች። ቋንቋ የሚኖረው ተናጋሪዎቹ በአንድ ስፍራ ቤት ሠርተው፣ ሥራ ይዘው፣ ልጅ ማሳደግ ሲችሉ ነው። በ1919 ከጦርነት የተመለሱት ወታደሮች የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ዛሬም የደሴቱ ወጣቶች የሚጠይቁት መኖሪያ ቤት ከዚያ ጥያቄ የተለየ አይደለም።

የካፒቴን ማክላውድ የሮደል ወደብ ዛሬ ጥቂት ጀልባዎች የሚያርፉበት ጸጥ ያለ ስፍራ ነው። ከሎርድ ሊቨርሂውም ከተማ ጥቂት ቤቶችና በካርታው ላይ የቀረው ስም ይገኛሉ፤ የመንደሪቱም ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት መታሰቢያነቱ ለእርሱ ሆኖ በስሙ ይጠራል። በዚያ ትምህርት ቤት ስም ሥር የሚያልፉ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንደራቸውን በየትኛው ስም ይጠሩ ይሆን? የአን ቶብ ታሪክ ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ለዚህ ጥያቄ በሚገኘው መልስ ነው።